የተነቀለው ሲናር

ሃልፍዳን ቶፍት የሞተው ጫጩት እንኳ በማያሰጥም ውሃ ውስጥ ነው። በመንገዱና በገብሱ ማሳ መካከል ባለችው ቦይ በአፍጢሙ ተደፍቶ፣ ኮፍያው አጠገቡ እየተንሳፈፈች ተገኘ። ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አላባራም። በጋ ነው ይባላል እንግዲህ፤ ሎላን ደሴት ላይ ግን በጋ ቃሉን የማያከብር እንግዳ ነው፣ መጣሁ ይልና ይቀራል።

ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች ከቦይዋ ወጣችና ኢንስፔክተር አስገር ቢልደ አጠገብ ቆመች።

«ጆሮ ግንዱ ቦይዋ ውስጥ ካለው የሲሚንቶ ቱቦ ጋር ተጋጭቷል» አለች። «እሱ ግን አልገደለውም፤ አደነዘዘው እንጂ። የገደለው ውሃው ነው። አንድ ሰው ወርዶ ፊቱን ቢያዞርለት ኖሮ ይሄኔ ጭንቅላቱን በፋሻ አስሮ ቤቱ ራት ይበላ ነበር።»

«አዳልጦት ቢሆንስ?»

መልሱን የሰጠችው ባልደረባው ማይከን ናት። ማይከን ጡረታዋ የደረሰ፣ ምላሷ የሰላ ፖሊስ ነበረች። ከመንገዱ ላይ የለቀመቻቸውን ሁለት የኮት ቁልፎች፣ ክራቸው እንደተንጠለጠለ፣ መዳፏ ላይ ዘርግታ አሳየችው። ሰው ሲያዳልጠው የገዛ ኮቱን ደረት ጨምድዶ ቁልፍ አይበጥስም። አንድ ሰው ይዞት ነበር። አስገር ራሱን ነቀነቀ። ሥራው ብዙ ሬሳ አሳይቶታል፤ የሰው እጅ ሊያተርፈው ሲችል ተትቶ የሞተን ሰው ማየት ግን እስከ ዛሬ አልለመደም።

ሟቹን የማያውቅ ሰው በዚያ ደሴት አልነበረም። የዘር ተቆጣጣሪዎች ሁሉ አለቃም አስተማሪም እሱ ነው። እዚያ አገር ገበሬ ለዘር ብዬ ዘራሁ ስላለ ብቻ ገብሱ ዘር አይሆንለትም። ፈቃድ ያለው ተቆጣጣሪ ማሳውን ከዳር እዳር በእግሩ ሄዶ፣ ባዕድ ነገር አለመኖሩን በዓይኑ አይቶ፣ «ያልፋል» ብሎ መፈረም አለበት። እነዚያን ተቆጣጣሪዎች ያሠለጠነም፣ የፈተነም፣ ፈቃድ የሰጠም ሃልፍዳን ነው። ከዚያም አልፎ በየዓመቱ ዕጣ እያወጣ፣ ተማሪዎቹ ያሳለፉትን ማሳ ራሱ ሄዶ ዳግመኛ ያያል። የትኛው ማሳ እንደወጣ ለማንም አይናገርም። የዛሬው ዕጣ የወደቀው በሽማግሌው በቪላስ ክራግ ማሳ ላይ ነበር።

ሬሳውን ያገኘው ቶርኪል የተባለ የአንድ ዘር ማበጠሪያ ድርጅት ሠራተኛ ነው። በመኪናው ሲያልፍ ኮፍያዋን አይቶ እንደቆመ ተናገረ። አስገር እየሰማው ዓይኑን ወደ ማሳው ጣለ። ገብሱ እኩል ሆኖ ተዘርግቷል፤ ከገብሱ በላይ ግን እዚህም እዚያም ቀጫጭን፣ ፍሬያቸው የተንጠለጠለ ተክሎች አንገታቸውን አውጥተው ቆመዋል።

«ሲናር ነው» አለ ቶርኪል ዓይኑን ተከትሎ። «ለከብት በሚሆን ገብስ ውስጥ ቢገኝ ያን ያህል አያስጮህም። ለዘር በሚሆን ገብስ ውስጥ ከተገኘ ግን አለቀ፤ ማሳው በሙሉ ወድቆ መኖ ይሆናል።»

አስገር ልጅነቱ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ስለሆነ ከሲናር ይልቅ ሄሪንግ የሚባለውን ዓሣ ያውቃል። አንድ ነገር ግን ለእሱም ታየው። ከቦይዋ ተነስቶ ማሳውን ሰንጥቆ እስከ ደኑ በሚሄደው የትራክተር ጎማ መስመር ግራና ቀኝ፣ እጅ እስከሚደርስ ድረስ፣ አንድም ሲናር የለም። በምትኩ መሬቱ ላይ ጣት የሚያስገቡ ጉድጓዶች አሉ፣ አፈራቸውም ትኩስ ነው። ሰው ነቅሏቸዋል ማለት ነው፤ የነቀለውን ደግሞ አንድም ሳይጥል ይዞት ሄዷል።

«ማን ነው እንዲህ የሚነቅል?» አለ።

«ማሳው እንዳይወድቅበት የሚፈራ ነዋ» አለ ቶርኪል። «ሌላ ማን ምን አገባው?»

አስገር ይህቺን ምክንያት ወደዳት። ሽማግሌው ሲናሩን ሲነቅል ሃልፍዳን ደረሰበት፣ ተጣሉ፣ ገፋው። ኋላ ላይ የቆጨውም ነገሩ እንዲህ ቶሎ መልክ መያዙ ነው።

*

ቪላስ ክራግ በር ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ወገባቸው እንደ ሳንቃ የደረቀ ሽማግሌ ናቸው፤ ጫማቸው ያ ማሰሪያ የሌለው የድሮ የእንጨት ጫማ ነው። ሃልፍዳን ሞተ ሲባሉ ኮፍያቸውን አወለቁ። እሱና እሳቸው እሳትና ጭድ እንደነበሩ አገር ያውቃል። በየዓመቱ ማሳው ዳር ይጨቃጨቃሉ፣ በየዓመቱ በመጨረሻ ይጨባበጣሉ። ከሰዓት በኋላ የት እንደነበሩ ሲጠየቁ ከቤት አልወጣሁም አሉ። ሲናሩንም ነካሁት እንዴ አሉ። ሲናገሩ ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል።

ማዕድ ቤት ባለቤታቸው ኪርስቲነ ተቀምጠው አንድ ፎጣ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ደግመው ያጥፋሉ። አስገርን ቀና ብለው በትሕትና ፈገግታ አዩት።

«ይሄ ሰውዬ ራት በልቷል?» ብለው ባላቸውን ጠየቁ።

«በልቷል። ፖሊስ ነው። አንቺ ዳቦሽን ብይ።»

ቪላስ ጥቁሩን ዳቦ በትንንሹ ቆርሰው፣ የጉበት ቅባት እየቀቡ አቀረቡላቸው፤ ኪርስቲነም ከእሳቸው እጅ ብቻ እየተቀበሉ በሉ። ማይከን አንዷን ቁራሽ ብትዘረጋላቸው ፊታቸውን አዞሩ።

ሊወጡ ሲሉ ቤት ለቤት የምትዞረው አስታማሚ አስገርን በር ላይ ጎትታ አቆመችው። ሴትየዋ ሁሉንም ረስተዋል አለችው፤ ልጃቸውን፣ እህታቸውን፣ የገዛ ቤታቸውን ሳይቀር። የቀረቻቸው የቪላስ ፊት ብቻ ናት። እሷንም ያልረሱት በየጠዋቱ ስለሚያዩዋት ነው።

«ቪላስ ሆስፒታል ለሁለት ቀን ተኝተው በተመለሱ ጊዜ ሚስታቸው ፊታቸውን ሊረሱት ምንም አልቀራቸውም ነበር» አለች። «አሁን ደግሞ ሴትየዋ ብሶባቸዋል። ቪላስን ከወሰድካቸው፣ ሲመለሱ ሚስት ማግኘታቸውን እንጃ።»

አስገር ማንንም ልወስድ አልመጣሁም ብሎ ወጣ። ሲናገረውም አምኖበት ነበር።

*

ጠዋት ማይከን አንድ ወሬ ይዛ ገባች። የቶርኪል መኪና ሃልፍዳን በሞተበት ከሰዓት፣ ሬሳውን አገኘሁ ካለበት ጊዜ እጅግ ቀደም ብሎ፣ ቪላስ ግቢ ውስጥ ቆሞ ታይቷል። ይህን ደግሞ ትናንት አንዲት ቃል አልተናገረም።

ቶርኪልን ጠርተው ፊት ለፊት አስቀመጡት። መጀመሪያ ተኮሳተረ፣ ቀጥሎ ተናገረ። የሃልፍዳንን መኪና መንደሩ ውስጥ አይቶ ዕጣው በቪላስ ላይ እንደወጣ ጠርጥሮ ነበር። ድርጅቱ ያንን ገብስ ለዘር ተስፋ አድርጎታል፤ ስለዚህ ሽማግሌው ቶሎ ወጥቶ ሲናሩን እንዲያጸዳ ሊነግረው ሄደ። ነገሩ ሕገ ወጥ ስለሆነ ደበቀው። ከዚያ ወዲያ እስከ ምሽት ማበጠሪያው ውስጥ ነበር፤ ሠራተኞቹም አላስተባበሉትም።

«ታዲያ ነገርካቸው?»

«ማንን ልንገር? ሰው የለም። በሩ ከውጭ ተቆልፏል። ሴትየዋ ብቻ መስኮቱን ከውስጥ ይደበድባሉ።»

ማይከንና አስገር ተያዩ። ከቤት አልወጣሁም ያሉት ሽማግሌ ዋሽተዋል። ጠብ አለ፣ ምክንያት አለ፣ የተነቀለ ሲናር አለ፣ በላዩ ላይ ውሸት ተጨመረ። ዐቃቤ ሕጉ በስልክ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ አለው። ነገ ዳኛ ፊት ያቀርባቸዋል።

ሊያመጣቸው የሄደው ራሱ አስገር ነው፤ ለሌላ ሰው መተውን ነውር አደረገው። ቪላስ አልተከራከሩም። ኪርስቲነ ግን የኮታቸውን እጅጌ ይዘው አልለቅ አሉ።

«የት ነው የምትሄደው?»

«ከብቶቹን አይቼ ልምጣ።»

«ቶሎ ና።»

«መጣሁ።»

የዚያ ግቢ ከብቶች ከተሸጡ ዘመን አልፏል። አስገር የመኪናውን በር ሲዘጋ ፎጣዋ መስኮቱ ላይ ትታያለች።

*

የዘር ማሠልጠኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ያለ ረጅም የሸክላ ቤት ነው። ውስጡ ጠረጴዛዎቹ ከሥራቸው መብራት አላቸው፤ ሠልጣኞቹ በዚያ ብርሃን ላይ ዘሩን ዘርግተው፣ ጥሩውን ከባዕዱ በወረንጦ እየለዩ ይማራሉ። በዚያ ቀን ግን ማንም ወረንጦ አልያዘም። ሜረተ ሊንድ ከፊታቸው ቆማ ታስተምራለች። የሃልፍዳን ቀኝ እጅ እሷ ናት፤ መጀመሪያ ተማሪው፣ ኋላ ተቆጣጣሪ፣ ቆይቶም ረዳቱ ሆነች። ዓይኗ አብጧል። ዛሬ እንኳ ብትቀሪ ቢሏት፣ እሱ ትምህርት ሲቋረጥ አይወድም አለች አሉ።

በመስታወት ውስጥ የደረቀ ሲናር አሳየቻቸው። ፍሬው ላይ ያለው ረጅም ጺም እርጥበት ሲያገኝ እንደሚጠማዘዝ፣ ተጠማዝዞም መሬት ይሁን ጨርቅ ቀዶ እንደሚገባ ነገረቻቸው። ከሥሩ ይነቀላል፤ ከላይ ከሰበሩት ከሥር ደግሞ ያቆጠቁጣል። አፈሩ ይራገፋል፣ አገዳው ይታጠፋል፣ ራሱን ወደ ታች አድርጎ ከረጢት ይገባል፣ ኋላም ይቃጠላል።

«ሃልፍዳን ምን ይል ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«አይተህ ያለፍከውን ሲናር አንተ ነህ የዘራኸው» አሉ ሠልጣኞቹ በአንድ ድምፅ። አንዷ ከኋላ ሆና አለቀሰች።

አስገር ሜረተን ኮሪደሩ ላይ አነጋገራት። ሳይጠይቃት የቪላስን ማሳ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ አለችው።

«ከዳር እዳር ሄጄዋለሁ። ያኔ አንድ ሲናር አልነበረበትም። ዝናብ ሲመታው እኮ በጥቂት ቀን ውስጥ አንገቱን ያወጣል።»

«ከዚያ ወዲህ ረግጠሽው ታውቂያለሽ?»

«ምን ልሠራ?»

ሃልፍዳን በሞተበት ከሰዓት ከደኑ ማዶ ሌላ ማሳ እያየች ነበር። ብቻዋን። የዚህ ሥራ ሰው ሁልጊዜ ብቻውን ነው፣ ምስክራችን ገብሱ ነው ብላ ፈገግ ለማለት ሞከረች። የማዶው ማሳ ንጹሕ ነው፣ አንድም ነገር አላገኘሁበትም፣ አሳልፌዋለሁ አለች። አስገር ሜረተን አመስግኖ ወጣ። ማይከን ኋላ እዚያ መሄዷን ስታጣራ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ፖስታ አመላላሿ የሜረተን መኪና ከደኑ ማዶ ስትሄድም ስትመለስም እዚያው ቆሞ አይታዋለች። በመኪና ከዚያ ወደ ቪላስ ማሳ የሚመጣ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ በኩል መዞር አለበት፤ ሩቅ ነው።

*

ቪላስ በፖሊስ ጣቢያው ጠባብ ክፍል ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የቀረበላቸውን ድንች አልነኩትም። መጀመሪያ የጠየቁት ኪርስቲነ በልታለች ወይ ብለው ነው። አስገር ሊዋሽ ፈለገና አልሆነለትም፤ አስታማሚዋ ደውላ ነበር፣ ኪርስቲነ ከማንም እጅ አልበላም ብለዋል።

አስገር አብሯቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«በሩን ከውጭ ቆልፈው የት ሄዱ?»

«ጎተራ» አሉ ሽማግሌው። «ባዶ ጆንያ ላይ ተኛሁ። ሌሊት አታስተኛኝም። መስኮት ስትደበድብ እየሰማሁ ነው የተኛሁት። ይህን ለሰው እንዴት ብዬ ልንገር? ሚስቱን ቆልፎባት የሚተኛ ሰው ምን ይባላል?»

«ያዩዎት ሰው አለ?»

«ተኝቶ የሚታይ ሰው ምን ዓይነት ምስክር ይኖረዋል?»

አስገር ይህንን አመናቸው። ማመኑ ግን ለዳኛ የሚቀርብ ነገር አይደለም። ሲናሩንስ አላቸው። ቪላስ በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ሆነው ሳቅ አመለጣቸው።

«እኔ? እኔ እኮ ካልሲዬን ራሴ አላጠልቅም። ወገቤ ከደረቀ ስንት ጊዜው! ኪርስቲነ ናት የምታጠልቅልኝ። ስሟን ረስታለች፣ ካልሲውን አልረሳችም። በየጠዋቱ ትንበረከክና ታጠልቅልኛለች፣ ጫፉን ታጥፈዋለች። እጇ ነው የሚያስታውሰው፣ እሷ አይደለችም።»

«ወጣት እያሉስ እንዴት ነበር የሚነቅሉት?»

«መቼ ነቅዬ! እሰብረዋለሁ፣ አባቴም ይሰብረው ነበር። ከሃልፍዳን ጋር የሚያጨቃጭቀን እኮ እሱ ነው፤ ከሥሩ ንቀል ይለኛል። ከሥር የሚነቅሉት የእሱ ተማሪዎች ናቸው። ደግሞስ ማሳዬን ልሸፍን ብል ከመንገዱ ዳር አልጀምርም? ተቆጣጣሪ የሚያየው እሱን። ማን እብድ ነው መሐል ለመሐል አንድ መስመር ብቻ አጽድቶ ደን የሚገባው?»

አስገር ተነስቶ ቆመ። ያ መስመር ማሳውን ለማጽዳት የተሄደበት አይደለም። ሰው ከቦይዋ ተነስቶ ወደ ደኑ ሲሸሽ የሄደበት ነው። የሸሸው ሰው እጅ እግረ መንገዱን የለመደውን ሥራ ሲሠራ ነበር፤ አእምሮው ሳያዘው ሳይሆን አይቀርም። ከደኑ ማዶ ደግሞ በመኪና ሩቅ ነው እንጂ በእግር ቅርብ ነው።

*

ሜረተን ደውሎ ማሳው ላይ አንድ ነገር አስረጂኝ አላት። መጣች። ለቁጥጥር ሥራ ሁልጊዜ የምትለብሰውን፣ ኪሱ እንደ ከረጢት የሰፋ አረንጓዴ ካፖርት ለብሳለች። ዝናቡ አሁንም ያካፋል። ማይከን መኪናውን ይዛ በደኑ በኩል ዞረች።

አስገር ከተነቀለው መስመር ቀጥሎ ባለው የጎማ መስመር ወደ ደኑ እንሂድ አለና እሷን ከፊት አስቀደማት። በዚህኛው መስመር ሲናሩ እንደቆመ ነው። ስለ ሃልፍዳን እንድታወራለት ጠየቃት፤ እሷም ብዙ አወራች። መጀመሪያ ስትመጣ ገብስን ከስንዴ እንደማትለይ፣ እሱ ግን ሌሎቹ ሲስቁባት አንድ ቀን እንኳ አለመሳቁን፤ ፈተናውን ስታልፍ የገዛ ወረንጦውን እንደሰጣት ነገረችው። እያወራች ጎንበስ ትላለች። ትነቅላለች፣ እግሯ ላይ መታ አድርጋ አፈሩን ታራግፋለች፣ አጥፋ ኪሷ ትከታለች። ወሬዋ አይቋረጥም፣ እጇንም አታየውም። አስገር ከኋላዋ ሄደ። ምነው ተሳስቼ በሆነ ብሎ ተመኘ።

ደኑ ዳር ሲደርሱ ማይከን ዛፍ ሥር ቆማለች። አስገር ዞር ብሎ የመጡበትን መስመር በእጁ አሳያት። ግራና ቀኙ ሲናሩ ተነቅሎ፣ ከጎኑ ካለው ከቀድሞው መስመር ምንም አይለይም። ሜረተ አየችው። ወሬዋ እዚያ ላይ ቆመ።

«ኪስሽ ውስጥ ያለውን አውጪው» አላት በለሆሳስ።

ከላይ የወጣው እርጥብ፣ ሥሩ ጭቃ የያዘ ሲናር ነበር። ማይከን ኪሱን ገለበጠችው። ገበሩ ውስጥ ሌሎች ነበሩ፤ የደረቁ፣ የጠቆሩ፣ ጺማቸው ተጠማዝዞ ጨርቁን ቀዶ የገባ ፍሬዎች። በጣት ሊነቀሉ አልቻሉም።

«ይሄ ማሳ ስታሳልፊው አንድ ሲናር አልነበረበትም። ከዚያ ወዲህ አልረገጥሽውም። የማዶውም ንጹሕ ነው» አለ አስገር። «እንግዲያው እነዚህ ከየት መጡ?»

ሜረተ ፍሬዎቹን ብዙ አየቻቸው።

«ሌሎቹን አቃጥያቸዋለሁ» አለች። «እነዚህ ሳይታዩኝ ቀርተው ነው።»

ቆማ ነው የተናገረችው፤ ተቀመጪ ቢላት እምቢ አለች። ሃልፍዳን ማሳውን አይቶ ደኑን አቋርጠሽ ነይ ብሎ ደወለላት። መጣች።

«ስትፈርሚ መኪና ውስጥ ተቀምጠሽ ነበር? አለኝ። አዎ አልኩት። ዝናብ ነበር፣ ጉልበቴን አሞኝ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። በዕድሜዬ ያልሄድኩት ማሳ ይሄ ብቻ ነው። ነገ ፈቃድሽን ይዘሽ ነይና አስረክቢ አለኝ። ለመንኩት። ይቺን አንድ ጊዜ አልኩት። ፊቱን አዞረብኝ። እያየኸኝ አናግረኝ ብዬ ኮቱን ያዝኩት፤ ከዚያ ገፋሁት።»

«መውደቁን አየሽ?»

«አየሁ። ውሃው ውስጥ እጁ ሲንቀሳቀስም አይቻለሁ።» ወደ ቦይዋ አቅጣጫ ተመለከተች። «ልውረድ ብዬ ነበር። እግሬ እምቢ አለኝ። ትንሽ ልራቅና ልቤ ሲረጋ እመለሳለሁ ብዬ ማሳው ውስጥ ገባሁ። ፊቴ አንድ ሲናር ቆሟል፣ ነቀልኩት። ከሱ ወዲያ ሌላ አለ። እሱን ልንቀልና እመለሳለሁ አልኩ። ከሱም ወዲያ ሌላ ነበር። ስነቅል ስነቅል እዚህ ደረስኩ።»

አስገር ሠልጣኞቹ በአንድ ድምፅ ያሉት ቃል አፉ ላይ መጣ። መለሰው። የእሷ ከንፈር ግን ሲንቀሳቀስ አየ፣ ድምፅ አልነበረውም።

ማይከን ወደ መኪናው ስትወስዳት ሜረተ አንድ ጊዜ ዞር አለች። ኪሴ ውስጥ ያለው ሜዳ ላይ እንዳይጣል፣ ይቃጠል ስትል አሳሰበች። ማስረጃ ስለሆነ አይቃጠልም አላት አስገር፤ ይህን ስትሰማ ነው ያለቀሰችው።

*

ወረቀቱና ፊርማው ቪላስን ሌላ ሌሊት አሳደራቸው። ዐቃቤ ሕጉ ቸኩሎ ሲያስር የነበረው ፍጥነት ሲፈታ አልነበረውም። አስገር ራሱ ቤታቸው አደረሳቸው። በመንገድ ላይ ማሳው መውደቁን፣ ገብሱ መኖ መሆኑን ነገራቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሜረተ እናት በሕይወት አለች ወይ ብለው ጠየቁ፤ አለች ሲላቸው፣ ምስኪን አሉ።

አስታማሚዋ በሩን ከፈተች። ፊቷን ያየ ምንም መጠየቅ አያሻውም። ኪርስቲነ ማዕድ ቤት ተቀምጠዋል፣ ከስተዋል፣ ፎጣዋ ጉልበታቸው ላይ ነው። ቪላስ በሩ ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ።

ኪርስቲነ ቀና አሉ። በትሕትና ፈገግ አሉ፤ አስገርን የመጀመሪያ ቀን ያዩበት ፈገግታ ነው።

«ማንን ፈልገው ነው ጌታዬ?»

አስገር ግድግዳውን አየ።

«እግርዎ እኮ ረጥቧል» አሉ ኪርስቲነ። ተነሱ፣ በእጃቸው ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ከምድጃው አጠገብ የተሰቀለውን ደረቅ ካልሲ አመጡ፣ ተንበረከኩ፣ እርጥቡን አወለቁ፣ ደረቁን አጠለቁላቸው። ጫፉን አጠፉት። ከዚያ እዚያው እንደተንበረከኩ ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ባለቤቴ ከብቶቹን አይቼ ልምጣ ብሎ ወጥቷል» አሉ። «አይቆይም። ካልቸኮሉ ይጠብቁት።»

ቪላስ እጃቸውን ዘርግተው የሚስታቸውን ራስ ሊነኩ ሲሉ ተዉት። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱ።

«አልቸኩልም» አሉ። «እጠብቀዋለሁ።»